ለንቅሳቷ ሕግ አወጣችሁ፤ ለቁስሏስ?

በአገራችን መንግሥት ቢለዋወጥም የማይለወጥ አንድ ወግ አለ። አንድ ነገር ጎጂ ሆኖ ሲገኝ «ክልክል ነው!» ይባልና ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ስብሰባ ይጠራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ በዜና ይነገራል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የተከለከለው ነገር ግን ትናንት በነበረበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የንቅሳት ነገር እንዲሁ ነው የሆነው። «አትነቀሱ» ሲባል ዘመናት አለፉ። የተነቀሰችው ልጅ ቁስሏን በምን ትጠበው፣ ምን ትቀባው፣ ምን ስታይ ወደ ሐኪም ትሩጥ ብሎ የነገራት ግን የለም። ይህች ጽሑፍ የምትከራከረው ስለዚህ ነው።

ነገሩን ከዝቋላ ልጀምር። ዝቋላ ስል የብዙ አንባቢ ሐሳብ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወዳለው ወደ ዝቋላ አቦ ተራራ ሊሄድ ይችላል። እኔ የማወራው ስለ ሌላኛው ዝቋላ ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቁልቁል ሲወረድ ስለሚገኘው፣ ጽጽቃ ዋና ከተማው ስለሆነች ወረዳ። የዚህ ወረዳ ስም በእኛ በከተሜዎቹ ጆሮ የሚገባው ድርቅ ሲመታው ወይም ጦር ሲያልፍበት ብቻ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ዝናብ ነስቶት ከብቱ ሲያልቅ ሰማን፤ ትንሽ ከንፈር መጠጥን፣ ከዚያ ረሳነው።

በዚያ አገር አንገቷ ዙሪያውን በረድፍ የተነቀሰ እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ግንባሯ ላይ መስቀል ያለባት፣ አገጯ ላይ ነጠብጣብ ያላት፣ ድዷ የጠቆረ ሞልታለች። ንቅሳቱ ጌጧ ነው፤ ወርቅ መግዛት ላልቻለች ሴት የማይሰረቅ የአንገት ሐብል ነው። መስቀሉ የእምነቷ ማኅተም ነው። የድዱ ደግሞ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል፣ የድድ ሕመምንም ያስታግሳል ተብሎ ይታመንበታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ትርጉም የተሸከመ ነገር በአንድ የግድግዳ ወረቀት ይጠፋል ብሎ ያሰበ ሰው አገሩን አያውቅም ማለት ነው።

ሕግ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሕጉማ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት አማካይነት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን የሚመለከቱ አንቀጾች አሉት። ከእሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ለዓመታት ሲያስተምር ኖሯል። ድካማቸውን አላናንቅም። የሴት ልጅ ግርዛትን ከንቅሳት ጋር አንድ ዓይነት ነው የሚልም ጤነኛ ሰው የለም፤ ግርዛትን «እንዲህ አድርጋችሁ አስታሙ» ተብሎ አይመከርም፣ ማስቆም ብቻ ነው። ንቅሳት ግን የተለየ ነገር ነው። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ወድዳ የምታደርገው ጌጥ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ልጅን አስገድዶ መንቀስ ይቅር፣ ይቁምም፤ እስማማለሁ። ዐዋቂዋስ? ከተነቀሰች በኋላስ?

እኔ ለሥራ ወደዚያ አገር በወጣሁበት ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ነቃሽ አግኝቼ ነበር። በመጀመሪያ የመንግሥት ሰው መስያቸው «እኔ ድሮ ትቼዋለሁ» ብለው ነበር። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ነው አፋቸው የተፈታው።

«እማማ፣ በአንዱ መርፌ ስንት ሰው ይነቅሱበታል?» አልኳቸው።

«እስኪዶለዱም ነዋ ልጄ!»

«ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄዱስ?»

«እጠርገዋለሁ እንጂ፤ እንዲሁ አልወጋም።»

በምን እንደሚጠርጉት ስጠይቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ አሳዩኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ጠረግኩ ሲሉ ንጹሕ ማድረጋቸው ነው። ሊኮንናቸው የመጣ ባለሥልጣን አይተው ያውቃሉ፤ መርፌን ሃያ ደቂቃ ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ ያሳያቸው ግን አንድም ሰው አልመጣም።

ንቅሳት ማለት ምን ማለት ነው?

ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ነገሩ ቆዳችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። መርፌው የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ወደ ሁለተኛው ይገባል። ጥላሸቱም ሆነ ከውጭ የመጣው ቀለም እዚያ ይቀመጣል። የላይኛው ሽፋን በየጊዜው ስለሚረግፍ ቀለሙ እዚያ ቢቀር ኖሮ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋ ነበር። ከሥር ሲገባ ግን የሰውነታችን ዘበኞች፣ ባዕድ ነገርን የሚውጡት ሕዋሳት፣ ቀለሙን እንደ ጠላት ቆጥረው ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። አንዱ ሲሞት ሌላው ተረክቦ ይውጠዋል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ ባወጡት ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሰዎች ንቅሳት ዕድሜ ልክ ነው የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቀለሙ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ለተህዋስያንም የተከፈተ በር ነው። አንድ የአንገት ንቅሳት በመቶዎች የሚቆጠር የተከፈተ በር ነው። ንቅሳት ጌጥ የሚሆነው ከዳነ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ቁስል ነው። የላዩ ቆዳ እስኪገጥም በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ የውስጡ ደግሞ ወራት ይፈጃል። እናቶቻችን በነዚያ ሳምንታት የተረፉት በዕድልና በፈጣሪ ቸርነት ነው። ያልተረፉትን የመዘገበልን የለም።

እህቴ ሆይ፣ ቁስልሽን እንዲህ ጠብቂው

ይህን ክፍል የሚያነብ ሁሉ ገጠር ላለች እህቱ ወይም ዘመዱ በስልክ ያንብብላት። ውድ መድኃኒት አይጠይቅም።

መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሳትታጠቢ ቁስሉን አትንኪው፤ ሌላ ሰውም እንዳይነካው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ዝቋላ ላይ ውሃ ከሩቅ በጀሪካን እንደሚቀዳ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ጠዋትና ማታ፣ ሽታው በማይከብድ ሳሙና፣ በጣትሽ ብቻ ቀስ አድርገሽ እጠቢው። አትፈትጊው። ከዚያ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ አድርቂው። ነጠላሽ ምንም ቢነጣ ስትጋግሪበትና ልጅ ስታቅፊበት የዋለ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ሲደርቅ ቫዝሊን ካለ በስሱ፣ እንዲያብለጨልጭ ብቻ አድርገሽ ቀቢው። ቤተሰቡ ሁሉ ጣቱን ያጠለቀበት ቆርቆሮ አይሁን። ብዙ መቀባት ቶሎ አያድንም፤ እንዲያውም ቁስሉን ያረጥበዋል። ቫዝሊን ከሌለ ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው ይሻላል። ለጋ ቅቤ፣ አመድ፣ እበት፣ የቡና ዱቄት አይነካው። በተለይ እበትና አፈር የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ መኖሪያ ናቸው።

አሁን ፖስተር ላይ የማይጻፈውን ልንገርሽ። ንቅሳቱ አንገትሽ ላይ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይፈታተኑሻል። አንደኛው ማተብሽ ነው። ማተብሽን በጥሺ የሚልሽ የለም። አዲስና ንጹሕ ክር ግዢ፣ ረዘም አድርገሽ እሠሪው፣ ከቁስሉ በታች ደረትሽ ላይ እንዲውል አድርጊ። አሮጌው ክር ላብና ቅባት የጠጣ ስለሆነ ቁስሉን እንደ መጋዝ ይሞርደዋል። ሁለተኛው የራስሽ ቅቤ ነው። በቆላው ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ወደ አንገትሽ ይወርዳል፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ጸጉርሽን ቅቤ አትቀቢ። ሦስተኛው የጀሪካኑ ገመድ ነው። ትከሻሽንና አንገትሽን የሚልጠው እሱ ነው። ባልሽ፣ ወንድምሽ ወይም ልጅሽ ለጥቂት ቀናት ውሃውን ይቅዱልሽ። አህያ ካለ አህያው ይጫን። «ሴት ልጅ ተነቀስኩ ብላ ሥራ ልትፈታ ነው?» የሚል ካለ፣ ጌጡን ሲያይ ደስ የሚለው ሰው ቁስሉንም ይካፈል።

ቅርፊት ሲይዝ ያሳክክሻል። እንዳታኪው፣ እንዳትልጪው። ቅርፊቱ ያለ ጊዜው ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ይነሳል፣ ጠባሳም ያወጣል። በጣም ካስቸገረሽ በንጹሕ መዳፍ በላዩ መታ መታ አድርጊው። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ላይ ጠባሳው አብጦ ከቁስሉ ወሰን የሚያልፍበት፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ነገር ይበዛል። ከዚህ ቀደም በጆሮ መበሳት ወይም በቁስል ምክንያት እንዲህ ያበጠ ጠባሳ ያወጣሽ ከሆንሽ፣ ምክሬን ከሰማሽ ፈጽሞ አትነቀሺ።

እስኪድን ድረስ ወንዝ ገብቶ መነከር ይቅርብሽ፤ ተከዜ ምንም ቢያምር ይጠብቅሻል። ፀበል የምትጠመቂ ከሆነ ቁስሉ እስኪደርቅ ለአባቶች ነግረሽ ቆይ፤ ወይም ጠጪው። ለብርቱ ፀሐይ አታጋልጪው፤ ስትወጪ በታጠበ ስስ ጨርቅ ላላ አድርገሽ ሸፍኚው። ዝንብ እንዳያርፍበት የሚከለክለውም ይኸው ነው።

ድድሽን የተነቀስሽ እንደሆነ ደግሞ በርበሬ፣ ትኩስ ቡናና አረቄ ለሳምንት ያህል ተሰናበቺ። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ጨምረሽ ከምግብ በኋላ ተጉመጥሞጪ። ሽሮሽ አልጫ ይሁን። ጨው ውሃው ለአፍ ነው እንጂ ለአንገት ቁስል አይደለም፤ እንዳትቀላቅዪው።

መቼ ነው የሚያስፈራው?

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ውሃ የመሰለ ነገር ቢያዥ ያለ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው ከባሰ ግን ያ ማመርቀዝ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይምና በእጅሽ ዳስሺው። ሙቀቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ከጆሮሽ ሥር ንፍፊት ካወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። መንጋጋሽ አልላወስ ካለ ወይም አንገትሽ ከደረቀ አንድ ሰዓት አታባክኚ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሃያ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ክትባቱ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ብቻ አይምሰልሽ፤ ከተነቀስሽ በኋላም ቢሆን ሄደሽ ጠይቂ።

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። መርፌው ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ከወጋ በጉበት ቫይረስ ወይም በኤች አይ ቪ ልትያዢ ትችያለሽ። የጉበት «ቢ» ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ነፍሱን ይዞ ይቆያል። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንተና ከመቶው ሰው ሰባት ያህሉ ይህን ቫይረስ ተሸክሞ እንደተገኘ አሳይቷል። እንግዲህ እኒያ እናት በአንድ መርፌ እስኪዶለዱም ድረስ ስንት ሰው እንደሚነቅሱ እያሰባችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። በሽታው ወዲያው አይጮህም፤ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ሊያደባ ይችላል። ከዚያ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ይበጠበጣል፤ ንቅሳቱን የሚያስታውሰው የለም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዓይንም ቢጫ ሳይሆን ጉበቱን ለዓመታት ሲበላው ይኖራል።

መድኃኒት የሌለው ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን አለ! የጉበት «ቢ» ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት በሕፃንነታቸው ያላገኙት ቢሆንም ዐዋቂም ይከተበዋል። ከተጋለጡ በኋላም በአንድ ቀን ውስጥ፣ ቢዘገይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጀመር ይጠቅማል። ለኤች አይ ቪም በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ። ሰባ ሁለት ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው። እነዚህን ሦስት ቀናት ግን ልጅቱ የት ነው የምታሳልፋቸው? ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ከጤና ባለሙያዋ ተደብቃ!

በጨዋታ ያገኘኋት አንዲት የገጠር ልጅ ቁስሏ ሲያመረቅዝ ለምን ወደ ጤና ኬላ እንዳልሄደች ስጠይቃት «ይቆጡኛላ፤ ያስቀጡኛል» ነው ያለችኝ። ያ የግድግዳ ወረቀት ይህን ብቻ አስተምሯታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ደግሞ እንድትደብቅ አደረግናት። ቆስላ ለሕክምና የመጣችን ሴት ቅጡ የሚል ሕግ እኮ የለም! ሕጉ የሚጠይቀው ጉዳት ያደረሰውን ነው። ይህን ለምን አልነገርናትም?

የከተማዋ «ታቱ»ስ?

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ጎረምሳ «የገጠር ወሬ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥ። አያቱ አንገቷን ስትነቀስ ኋላ ቀርነት፣ እሱ ክንዱን ሲነቀስ ዘመናዊነት የሆነበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ከገጠር ለሥራ የመጣችን ልጅ በአንገቷ ንቅሳት የምንሳለቅባት እኛው ነን፤ «ታቱ» ላለው ዘፋኝ የምናጨበጭበውም እኛው ነን። ቁስል ግን መደብ አይለይም። የኤሌክትሪክ ማሽኑም መርፌ ነው። ቀለሙም ቢሆን ከውጭ መጣ ተብሎ አይታመንም፤ የአውሮፓ ኅብረት በንቅሳት ቀለም ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ኬሚካሎች ላይ ገደብ የጣለው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መርፌው ከማሸጊያው ፊትህ ሲወጣ እይ። ቀለሙ ላንተ ብቻ በትንሽ ዕቃ ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋ። ነቃሹ ጓንት ይልበስ፤ በጓንቱ ስልክ ካነሳ ያውልቀው። ቤትህ ስትገባ ደግሞ ለዝቋላዋ እህትህ የጻፍኩትን ሁሉ አንተም አድርግ። መዋኛ ገንዳና ጂም ይቆዩህ። በሁለተኛው ቀን ቅርፊቱን ልጠህ ፎቶ ለመለጠፍ አትቸኩል።

የሚመለከተው አካል የታለህ?

አሁን ወደ ባለሥልጣኖቻችን ልመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቀበሌው የተመደቡት እህቶቻችን በእግራቸው አቀበት ቁልቁለት ወጥተው ወርደው፣ ሽንት ቤት ከማስቆፈር እስከ ማስከተብ ያልሠሩት የለም። ለእነሱ የጎደላቸው ቅንነት አይደለም። የጎደላቸው ስለ ንቅሳት «ኮንኑ» ከሚለው ትእዛዝ ሌላ አንድ ገጽ መመሪያ ነው። አንዲት የተነቀሰች ሴት ስትመጣ ሳይቆጡ ቁስሉን ማየት፣ ማጠብ ማሳየት፣ የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት ክትባት መስጠት ወይም መላክ፣ ሦስት ቀን ካላለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ማሳለፍ፤ በቃ። ይህ ምን ያህል በጀት ይፈጃል? ከአንድ ዓውደ ጥናት የሻይ ወጪ ይበልጣል?

ምክሩም በሰው ቋንቋ ይነገር። ዋግ ውስጥ አማርኛ የሚናገር እንዳለ ሁሉ ኽምጣንኛ የሚናገር አለ። ቁስል በኽምጣንኛ እያመማት በአማርኛ ፖስተር የምትድን እናት የለችም። ነቃሾቹንም ሰብስባችሁ ከማስፈራራት አስተምሯቸው። መርፌ ማፍላትን የተማረች አንዲት ነቃሽ ከመቶ ባነር ይልቅ ሰው ታድናለች። «ይህ ንቅሳትን ማበረታታት ነው» የሚል ሹም አይጠፋም። ለአደጋ ፋሻ ማዘጋጀት አደጋን ማበረታታት ከሆነ ሆስፒታሎቹን ሁሉ ዝጓቸዋ!

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት የዋግ ኽምራን የጤና ተቋማት ክፉኛ እንደጎዳ እናውቃለን። መድኃኒት በጎደለበት አገር ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት የፈላ ውሃ፣ ሳሙናና እውነተኛ ምክር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው። እስካሁን ለዝቋላ እናቶች የሰጠነው ምክር ከአንገት በላይ ነበር፤ ቁስሉ ያለው ግን አንገታቸው ላይ ነው።

ሰሚ ካለ ይስማ!